ቴሲሱ «ቅንጦት» ነው?

ፒክስል፦ ዛሬ የጓደኛዬ የማስተርስ ዲፌንስ ላይ ነበርኩ። ሥራው ኮምፒውተር ቪዥን ነው፤ ራሱን የሚነዳ መኪና ባጃጅን፣ አህያንና ጋሪን ለይቶ እንዲያይ። አንዱ ፈታኝ እስከ መጨረሻው አዳምጦ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ጎበዝ ልጅ ነህ፤ ግን ይሄ ለኛ አገር ቅንጦት ነው።» ሁለት ዓመት እንቅልፍ ያጣ ልጅ ፊት! አልዋጥ ብሎኝ ነው የጻፍኩት።

ሣር ቤት፦ ፈታኙ ምን አጠፋ? መጀመሪያ ሹፌር ያለው መኪና በሥርዓት ይነዳ። ልጁ የቡና ቅጠል በሽታ ቢያጠና አይሻልም?

ፒክስል፦ የቡና ቅጠል! እኛ ዲፓርትመንት ያልታየ ቅጠል የቀረ አይመስለኝም። ቡናው ራሱ ካሜራ ሲያይ መሳቅ ጀምሯል።

የሽቱትጋርቷ፦ እኔ እዚህ በዚሁ ሙያ ፒኤችዲ ላይ ነኝ። ሁላችንም የተማርንበት ኪቲ የሚባለው ዳታሴት፣ ማለት ኮምፒውተሩ አይቶ የሚማርበት የፎቶ ስብስብ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ፣ የጀርመኗ ካርልስሩኸ ከተማና ዙሪያዋ እየተነዳ የተቀረጸ ነው። ምድቦቹን እዩ፦ መኪና፣ ቫን፣ የጭነት መኪና፣ እግረኛ፣ ብስክሌተኛ፣ ትራም። አህያ የለም። ባጃጅ የለም። ቅንጦትስ በካርልስሩኸ ፎቶ ላይ ተቀምጦ ለግማሽ ፐርሰንት የውጤት ብልጫ መጣላት ነው። እሱን ደግሞ የምንሠራው እኛ ነን።

ሣር ቤት፦ ትራምማ እኛም አለን።

የሽቱትጋርቷ፦ አለን፤ ሲመጣ።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጆች፣ አንድ ቃል ላይ ተንጠለጠላችሁ። ፈታኙ ያሰበው ወጪውን ይሆናል። ሲቲስኬፕስ የሚባለውን የከተማ መንገድ ፎቶ ስብስብ ያዘጋጁት ጀርመኖች 5,000 ፎቶ በጥንቃቄ ሌብል ሲያደርጉ፣ ማለት ፎቶው ላይ ያለውን እየከበቡ ምንነቱን ሲጽፉ፣ አንዱ ፎቶ በአማካይ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ፈጅቷል። አስሉት። የኛ ተማሪ ይህን በማን ጉልበት ይሠራል?

ፒክስል፦ በእህቶቹ ጉልበት፣ ጋሼ። አልቀልድም። ሁለቱ እህቶቹ ማታ ማታ ሳሎን ቁጭ ብለው በማውስ የአህያ ጆሮ ይከቡ ነበር። ሞዴሉን የሚያሠለጥነው በኢንተርኔት በነፃ በሚገኝ ጂፒዩ፣ ማለት በፈጣን የስሌት ቺፕ ነው፤ መብራት ሲሄድ ዋይፋዩ አብሮ ይሄዳል፤ ከዚያ እንደገና ሀ ብሎ። እርስዎ ይፍረዱ፣ ይሄ ቅንጦት ነው?

ጡረተኛው መምህር፦ እኔ ቅንጦት አላልኩም። ፈታኙ ነው ያለው።

ሣር ቤት፦ እህቶቹን ማሠራቱ ራሱ ቅንጦት ነው።

የሽቱትጋርቷ፦ ህንዶችም እንደ ልጁ በጀርመን ፎቶ አንሠራም ብለው ሃይደራባድና ባንጋሎር ላይ 10,000 ፎቶ ሰብስበዋል። ባለሦስት እግሩም እንስሳውም የየራሱ ምድብ አለው። ማንም ቅንጦት አላላቸውም።

ሣር ቤት፦ ማንም? ነበርሽ እንዴ? ደግሞ ህንድ መኪና ታመርታለች። እኛ ቦሎ ነው የምንለጥፈው።

ረዳት ነበርኩ፦ እኔ ልጠይቅ። ስድስት ዓመት ሜክሲኮ ጀሞ ረዳት ነበርኩ። ግማሽ ሰውነቴ መስኮት ላይ፣ አንድ እጄ ጣሪያ እየደበደበ። ካሜራው እኔን ምን ብሎ ያየኛል? እግረኛ? የመኪናው ዕቃ?

ፒክስል፦ ወንድሜ፣ ይሄ ብቻውን አንድ ፔፐር ይወጣዋል።

ረዳት ነበርኩ፦ ይውጣው። ግን ፔፐሩ ሲያልቅ ሹፌሩም ረዳቱም እንጀራው የት ነው? ለሱ ቅንጦት አይደለም፣ ረሃብ ነው።

ሣር ቤት፦ ተናገር!

የሽቱትጋርቷ፦ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2018 ቴምፒ፣ አሪዞና ላይ የኡበር የሙከራ መኪና ብስክሌት እየገፋች በሌሊት የምትሻገር ሴት ገድሏል። መርማሪዎቹ እንዳገኙት ሲስተሙ አንዴ ያልታወቀ ነገር፣ አንዴ መኪና፣ አንዴ ብስክሌት እያለ ይቀያይር ነበር። ሰው ከዜብራ ውጭ ይሻገራል ብሎ እንዲያስብ አልተሠራም። ይህንን ሲስተም መርካቶ አምጡት እስቲ።

ሣር ቤት፦ እኔስ ምን አልኩ? አታምጡት ነው የምለው!

የሽቱትጋርቷ፦ መጥቷል እኮ! መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክሏል። አሁን ከሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ በካሜራ አይተው ራሳቸው ፍሬን ይይዛሉ። የኛን መንገድ ማን አሳያቸው?

ሣር ቤት፦ እሱስ እውነት ነው። የጎረቤቴ መኪና የበግ መንጋ አጠገብ ሲደርስ መጮህ ነው። ሰለቸውና አጠፋው።

ፒክስል፦ አጠፋው! የጓደኛዬ ቴሲስ መግቢያ እኮ ይኸው ነው፤ ሰው ሰልችቶት ያጠፋዋል ይላል። ሳታውቀው ጠቀስከው።

ሣር ቤት፦ እኔ የጠቀስኩት በግ ነው። ልጁ በግ አጥንቷል?

ፒክስል፦ ... አህያ ብቻ።

ሣር ቤት፦ በቃ።

የሽቱትጋርቷ፦ ምኑ ነው በቃ? እ.ኤ.አ. በ2017 የቮልቮ መኪና ካንጋሮ ሲዘል ርቀቱ ይምታታበት እንደነበር ሰዎቹ ራሳቸው ተናግረዋል። ስዊድን ላይ ትልልቅ አጋዘን የለመደ መኪና ነው። እነሱም በአንድ እንስሳ ነው የጀመሩት።

ጡረተኛው መምህር፦ ለመሆኑ ልጁ ስንት ተሰጠው?

ፒክስል፦ ቬሪ ጉድ።

ሣር ቤት፦ ለቅንጦት ቬሪ ጉድ? ታዲያ ምን ያስጮህሃል?

ፒክስል፦ ማስተካከያም አዞታል። ሦስተኛው ምን ይላል መሰለህ፦ «ስለ አህያ የተጻፈው ይጠር።»