ክርክር፦ ለድሃ ቤተሰብ ልጆች ነጥብ ይጨመር ወይስ ቀድሞ ይደረስላቸው?

መነሻው፦ የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚቀበለው በራሱ መግቢያ ፈተና ነው። የድሃ ቤተሰብ ልጆች እንዲበዙ ነጥብ ይጨመርላቸው?

የወረዳ ትምህርት ባለሙያ፦ ይጨመር እንጂ! ለሴቶች፣ ለታዳጊ ክልሎችና ለአካል ጉዳተኞች ዝቅ ያለ መቁረጫ ነጥብ ሲሠራበት ኖሯል። የቤተሰብ ገቢ ግን አይቆጠርም። ከወለንጪቲ ገጠር የመጣ ልጅና አዳማ መሃል በግል ትምህርት ቤት የተማረ ልጅ ክልላቸው አንድ ስለሆነ እኩል ይለካሉ።

የፊዚክስ መምህር፦ ነጥቡን ማን እንደሚወስደው አስቡ። የድህነት ማስረጃ የሚጻፈው ቀበሌ ነው፤ ዘመድ ያለው ይቀድማል። ዋናው ጉድለትማ ከበሩ በፊት ነው። በ2017 የ12ኛ ክፍልን ፈተና 50 በመቶና በላይ ያመጡት 8.4 በመቶ ብቻ ናቸው። ልጁ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ተምሮ 9ኛ ላይ በአንዴ ወደ እንግሊዝኛ ይገባል፤ የፊዚክስ ጥያቄ የሚስተው ፊዚክሱ ጠፍቶት ሳይሆን ዓረፍተ ነገሩ ጠፍቶት ነው። በተጨመረ ነጥብ አስገብታችሁት አንደኛ ዓመት ካልኩለስ ላይ ቢወድቅ ምን ጠቀማችሁት?

ባለሙያው፦ መምህር፣ ለማስረጃው መላ አለው። አዲስ ወረቀት ማጻፍ አያስፈልግም። የጤና መድን መዋጮ መንግሥት የሚከፍልላቸው አባወራዎች በስም ተመዝግበዋል። ድሃ ቤተሰቦችን የሚደግፈው የሴፍቲኔት ፕሮግራም መዝገብም አለ፤ የከተማ ሴፍቲኔትን ከጀመሩት 11 ከተሞች አንዷ አዳማ ነበረች። ልጁ 9ኛ ሲገባ የወላጁን ስም ከመዝገቡ ጋር ማመሳከር ነው። 12ኛ ላይ ከተጀመረ ያን ጊዜ ሁሉም ድሃ ነኝ ይላል።

የሬጅስትራር ሠራተኛ፦ ሁለታችሁም ያለፋችሁት ነገር አለ። ለመግቢያ ፈተናው የሚመዘገቡት በኢንተርኔት ነው። ስልክ የሌለው ልጅ ኢንተርኔት ቤት ሄዶ በሰው እጅ ያስሞላል፤ የስሙ ፊደል ከ12ኛ ክፍል መረጃው ጋር ካልገጠመ ጣጣ ነው። ትምህርት ቤቱ አንድ ኮምፒዩተርና አንድ መምህር መድቦ፣ የ12ኛ ክፍል መረጃቸውን ፊት ለፊት አስቀምጦ ቢመዘግባቸው ይህ ይቀራል። ካለፉ በኋላም የጥሪውን ማስታወቂያ አንብቡት፦ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ የስፖርት ትጥቅ ይዛችሁ ኑ ይላል። ምግቡና መኝታው በወጪ መጋራት ውል ይያዛል፣ የሚከፈለውም ሥራ ሲያዝ ነው። ብርድ ልብሱ ግን ዛሬ የሚገዛ ነው። መጥፎ ነገር ሆኖ አይደለም፣ ግን እዚህ ላይ የሚቀር ልጅ አለ።

መምህሩ፦ እህቴ፣ ይህን እቀበላለሁ። መዝገቡም ይሥራ፤ ግን ለነጥብ ሳይሆን ለቅዳሜ ማጠናከሪያ። ከ11ኛ ጀምሮ፣ ያለፉ ፈተናዎች በሰዓት እየተሠሩ፣ የጥያቄው እንግሊዝኛ ቃል በቃል እየተፈታ።

ባለሙያው፦ ማጠናከሪያው ፍሬ እስኪሰጥ ዘንድሮ 12ኛ ያሉትስ? ለእነሱ ነጥቡ ይሰጥ። ለሁለት ዓመት ብቻ፣ ከዚያ ይታይ።