በአዳማ የቀድሞ ጠላ ቤት መሠረት ሲቆፈር የወጡ ጋንና ቆርኪዎች ምን ሊነግሩን ይችላሉ?

የጣቢያ ሰፈር ልጅ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። አዳማ ውስጥ፣ ከአሮጌው የባቡር ጣቢያ ብዙ በማይርቅ ግቢ፣ አያቴ ለረጅም ዓመታት ጠላ እየጠመቁ ይሸጡ ነበር። እርሳቸው ካረፉ በኋላ ቤቱ ተዘግቶ ቆይቶ በዚህ ወር ፈረሰ። ለአዲሱ ግንባታ መሠረት ሲቆፈርም ከጓዳው ወለል ሥር ታችኛው ክፍሉ መሬት ውስጥ እንደተተከለ የቀረ ትልቅ ጋን፣ የአንድ እንስራ ስብርባሪ፣ ከጉልቻዎቹ ዙሪያ ወፍራም የአመድ ንጣፍ፣ በበሩ በኩል ደግሞ ዝገት እርስ በርስ ያጣበቃቸው ቆርኪዎችና ጥቂት ጠርሙሶች ወጡ። የጋኑ የውስጥ ግድግዳ ጥቁር ሲሆን በእንስራው ስብርባሪ ላይ ግን ነጣ ያለ ቅርፊት ይታያል። አክስቴ ጋኑን በማግኘታቸው ደስ ብሏቸው በግራዋ ይፈትጉት ጀምረው ነበርና የደረስኩት ግማሹ ከታጠበ በኋላ ነው።

ቤቱ በጃንሆይ ዘመን እንደተከፈተ በቤተሰብ ይነገራል፤ የጽሑፍ ማስረጃ ግን የለንም። እነዚህ ዕቃዎች ቤቱ መቼ እንደተጀመረ፣ የፋብሪካ ቢራስ ከመቼ ወዲህ ይሸጥበት እንደነበር ሊያሳዩን ይችላሉ? ነጩ ቅርፊት የጠላ ዝቃጭ ይሆን?

ሸክላና አፈር

ከሁሉ አስቀድሞ አክስትዎን በአክብሮት ግራዋውን ያስቀምጡልን ይበሏቸው። በእንዲህ ያለ ሥራ ቆሻሻ የሚመስለው ነገር ከሸክላው ይልቅ ብዙ ይናገራል። ብቅል በሚጠመቅበት ዕቃ ውስጥ ካልሲየም ኦክሳሌት የሚባል ንጥረ ነገር ቀስ በቀስ ይረጋል፤ ጠማቂዎች የቢራ ድንጋይ የሚሉት ነው። በምዕራብ ኢራን ጎዲን ቴፔ ከ5,000 ዓመት በላይ ዕድሜ ባለው እንስራ ውስጥ በተገኘው በዚሁ ንጥረ ነገር ምክንያት ተመራማሪዎች ዕቃው የገብስ ቢራ ይዞ እንደነበር ደምድመዋል። ይሁን እንጂ ኦክሳሌት ከሌሎች ዕፅዋትም ሊመጣ ስለሚችል ብቻውን የመጨረሻ ማስረጃ አይሆንም።

ነጩ ቅርፊት ግን ተራ የውኃ ኖራ ሊሆንም ይችላል። ለመለየት በጥፍር ጫፍ የምትያዝ ፍንካች ብቻ ወስደው ኮምጣጤ ጠብ ያድርጉባት። ኖራ ከሆነች አረፋ ታወጣለች፤ ኦክሳሌት ግን አረፋ አያወጣም። ሙሉውን ስብርባሪ ኮምጣጤ ውስጥ እንዳይነክሩ አደራ።

እኔን ከጋኑ ይልቅ የሚያጓጓኝ አመዱ ነው። ከእያንዳንዱ ንጣፍ ለየብቻ አንድ ባልዲ ያህል ወስደው፣ ከየትኛው ጥልቀት እንደወጣ ጽፈው፣ ውኃ ውስጥ ቢበትኑት የከሰለው እህል ይንሳፈፋል። በቀጭን ወንፊት አጥልለው ጥላ ሥር ያድርቁት። በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው ገብስ ሲበቅል ከቅርፊቱ ሥር ያሉት ሴሎች ግድግዳ ይሳሳል፤ ይህም መሳሳት እህሉ ከከሰለ በኋላ እንኳ በማይክሮስኮፕ ይታያል።

ትልቅ ጠመቃ ቤት ሲገኝ ምን እንደሚመስል ለማወቅ ከፈለጉ፣ በግብፅ አቢዶስ በ2021 እ.ኤ.አ. ይፋ የተደረገውን ይመልከቱ። ወደ 5,000 ዓመት ዕድሜ ያለው ሲሆን፣ እያንዳንዳቸው ወደ 40 የሚጠጉ ጋኖች በሁለት ረድፍ የተደረደሩባቸው ስምንት ክፍሎች አሉት። በአንድ ጊዜ 22,400 ሊትር ያህል ይጠመቅበት እንደነበር ተገምቷል። የአያትዎ ጓዳ የዚህ የሩቅ ዘመድ ነው።

ጠርሙስ ሰብሳቢ

ስለ ቆርኪዎቹ እኔ ልመልስ። የቢራ ጠርሙስ እየታጠበ ደጋግሞ ስለሚሞላ የተሠራበት ዘመንና የተጣለበት ዘመን በብዙ ዓመታት ሊራራቁ ይችላሉ። ቆርኪ ግን አንዴ ከተከፈተ ወደ ጠርሙሱ አይመለስም፤ ልጆች ጠፍጥፈው ካልተጫወቱበት በቀር እዚያው በር ላይ ይቀራል። ስለዚህ ለዘመን ቆጠራ ከጠርሙሱ ይልቅ ቆርኪውን እመርጣለሁ።

ቆርኪን በ1892 እ.ኤ.አ. የፈለሰፈው አሜሪካዊው ዊልያም ፔይንተር ነው። የመጀመሪያዎቹ 24 ጥርስ ነበራቸው፤ ዛሬ የተለመደው 21 ነው። የቀድሞዎቹ ከውስጥ በኩል ስስ የቡሽ ክብ ነበራቸው፤ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን ፕላስቲክ ቡሹን ተክቶታል። (ቆርኪ የሚለው ስማችንም የቡሹን ዘመን የሚያስታውስ ይመስለኛል።) ስለዚህ ዝገቱን ሳይፍቁ ገልብጠው ውስጡን ይመልከቱ። ጠርሙሶቹንም ከጎናቸው ያለውን የመገጣጠሚያ መስመር በጣትዎ ይከተሉት። መስመሩ የአፉን ከንፈር አልፎ እስከ ጠርዙ ከዘለቀ በማሽን የተሠራ ነው ማለት ነው።

ስማቸው የሚነበብ ቆርኪዎች ካሉ ሥራው ይቀላል። የአዲስ አበባው ጊዮርጊስ በ1922 እ.ኤ.አ.፣ የአስመራው ሜሎቲ በ1939 እ.ኤ.አ. ተመሠረቱ። የሰበታው ሜታ አቦ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲከተል፣ ሐረር በ1984 እ.ኤ.አ.፣ በደሌ ደግሞ በ1993 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመሩ። የአንድ ንጣፍ ዕድሜ የሚለካው በውስጡ በተገኘው አዲሱ ዕቃ ነው። ከአሥር የጊዮርጊስ ቆርኪዎች መካከል አንድ የበደሌ ቆርኪ ቢገኝ፣ ያ ንጣፍ ከ1993 እ.ኤ.አ. በፊት ሊዘጋ አይችልም። ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 እ.ኤ.አ. በመሆኑ፣ በመስመሩ ላይ ያለች እንደ አዳማ ያለች ከተማ ሣጥን ቢራ ለማግኘት ብዙ የምትቸገር አልነበረችም።

የጠማቂ ልጅ

እኔ የምጽፈው ከሐዋሳ ነው፤ ያደግሁት ግን በጠላ ቤት ነው። ወንድሜ ሸክላና አፈር ያሉት ሁሉ መልካም ሆኖ አንድ ነገር ዘልለዋል። ጋን ጠላ ከመግባቱ በፊት በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል። የጋኑ ጥቁረት የጢስ እንጂ የጠላ ላይሆን ይችላል። አክስትዎም ያደረጉት እናቶቻችን በየጥንስሱ የሚያደርጉትን ነውና አይቀየሟቸው። የጋን ታሪክ ደግሞ ደጋግሞ መታጠብ ስለሆነ፣ ከሆዱ ይልቅ የሚፈትግ እጅ የማይደርስበትን የአንገቱን ሥርና አፉ ሲመረግ የነበረበትን ጠርዝ ይመርምሩ።

ሁለተኛ፣ በአመዱ ውስጥ ያልበቀለ የከሰለ ገብስ ቢያገኙ ጠላ አልተጠመቀም ብለው አይደምድሙ። አሻሮው የሚቆላው ካልበቀለ ገብስ ነው፤ ከምጣዱ እየተፈናጠረ እሳት ውስጥ የሚወድቀውም እርሱ ነው። አተላ ፍለጋ ግን አይድከሙ፤ አተላ ለከብት ስለሚሰጥ ጉድጓድ ውስጥ አይገኝም። ይልቅ በአጥሩ በር በስተቀኝም በስተግራም ጠባብ የእንጨት ጉድጓድ ካለ ይፈልጉ። ጠላ መድረሱን ለመንገደኛ የሚያስታውቀው በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ የተደፋው ጣሳ የሚተከለው እዚያ ነበር።

ሸክላና አፈር

የጢሱን ነገር አምኛለሁ፤ ጥሩ እርማት ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ ከዚህ በላይ በራስዎ አይቆፍሩ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በግንባታ ቁፋሮ ቅርስ ያገኘ ሰው ማሳወቅና ጠብቆ ማቆየት አለበት። የስልሳና የሰባ ዓመት ጋን ቅርስ ይባላል አይባልም የሚለውን ባለሙያው ይወስን። እስከዚያው ፎቶግራፍ፣ የጥልቀት ልኬትና የወለሉ ንድፍ ይበቃል።

የጣቢያ ሰፈር ልጅ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ፍንካቿን በኮምጣጤ ሞከርኳት፤ ወዲያው አረፋ አወጣች። ለአክስቴ ስነግራቸው ሳቁና «ምነው ብትጠይቀኝ! እርሱ እኮ የውኃ እንስራችን ነበር፤ ጠላ ነክቶት አያውቅም» አሉኝ። ጋኑን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ ጥላ ሥር አስቀምጬዋለሁ፤ የአንገቱ ሥር አልተፈተገም። ከቆርኪዎቹ ሁለቱን በቀስታ ገልብጬ አየኋቸው፤ በአንደኛው ውስጥ ቡናማ የቡሽ ፍርፋሪ ተጣብቆ ቀርቷል፤ ሁለተኛው ፕላስቲክ ነው። ሁለቱ ከአንድ ንጣፍ ይውጡ ከተለያየ ግን አልመዘገብኩም፤ የቀሩትን ከነአፈራቸው ለየብቻ አሽጌያቸዋለሁ። ነገ ጠዋት አክስቴ የጣሳው እንጨት የቆመበትን ቦታ ሊያሳዩኝ ቀጠሮ ይዘናል።