የዓይን ቅርጽ ከሕዝብ ሕዝብ ለምንድነው የሚለያየው?

ማታ አንባቢ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ አንድ ነገር ሲከነክነኝ ከርሟል። የቻይና፣ የኮሪያ፣ የጃፓን ሰዎች ዓይን ጠበብ ያለ የሚመስለው ለምንድነው? ዓይኑ ራሱ ነው የሚያንሰው ወይስ ቆቡ ነው? እይታቸውስ ይጠብባቸዋል እንዴ? ደሞ ከብርድና ከበረዶ ነጸብራቅ ለመከላከል የመጣ ነው የሚል ሰምቻለሁ፣ እውነት ነው? ለመናቅ እንዳይመስልባችሁ፣ ማወቅ ፈልጌ ነው።

ሰናይት፦
ዓይኑ ራሱ አያንስም። የአዋቂ ሰው ዓይን የየትም አገር ሰው ይሁን ከፊት ወደ ኋላ ሲለካ 24 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ልዩነቱ ቆቡ ላይ ነው ያለው፣ እሱም ሁለት ነገር ነው፣ ሰው ግን አንድ አርጎ ነው የሚያየው።

አንደኛው ኤፒካንቲክ ፎልድ የሚባለው ነው፣ በአፍንጫ በኩል ያለችውን የዓይን ጥግ፣ ያቺን ቀላ ያለች ሥጋ ያለችባትን ማለቴ ነው፣ ከላይ ወርዶ የሚጋርዳት የቆዳ እጥፋት። ሁለተኛው ቆቡ ላይ የሚታየው መስመር ነው። ቆቡን ወደ ላይ የሚስብ ጡንቻ አለ፣ የሱ ጅማት ከቆዳው ጋር ከተያያዘ ዓይን ሲገለጥ ቆዳውን ይዞት ይገባና መስመር ይሠራል፣ ካልተያያዘና ቆቡ ውስጥ ያለው ስብም (ሞራው) ወደ ታች ወረድ ካለ ግን ቆቡ ሞላ ብሎ ያለ መስመር ይቀራል። እዛው ምሥራቅ እስያ ውስጥ ራሱ መስመር ያለውም የሌለውም ብዙ ነው፣ እህትና ወንድም እንኳን ይለያያሉ። መስመሩን በቀዶ ጥገና መሥራት ደሞ የዛሬ ፋሽን እንዳይመስልህ፣ ሚካሞ የሚባል ጃፓናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1896 ዘዴውን ጽፎ አውጥቶታል።

እይታ ላይ ግን ምንም ለውጥ የለውም፣ እጥፋቱ ብሌኑን አይሸፍንም።

ዳዊት መ፦
የብርዱን ነገር ሰው እንደተረጋገጠ አርጎ ነው የሚያወራው፣ እኔ በጣም ያናድደኛል፣ ግምት ነው እኮ። ብርድ ቢሆን ኖሮ ሰሜን አውሮፓ አብዛኛው ሰው እጥፋቱ ሊኖረው ይገባ ነበር፣ እዛ ግን ጥቂት ሰው ላይ ነው ያለው። በተቃራኒው ሙቀት ባለበት ደቡብ ምሥራቅ እስያ ሞልቷል፣ ደቡብ አፍሪካ አካባቢ ካላሃሪ በረሃ ያሉት የሳን ሕዝቦች ላይም አለ። የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ላይ የሚታየው ቅድመ አያቶቻቸው ከእስያ በሳይቤሪያ በኩል ስለተሻገሩ ነው። ከፊሉ ያለ ምንም ጥቅም በአጋጣሚ በዘር ሲወርድ ሲዋረድ የበዛ ሊሆን ይችላል፣ ሁሉም የሰውነት ቅርጽ የግድ ምክንያት አይኖረውም።

ትዕግስት፦
አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄ እጥፋት እናት ሆድ ውስጥ እያለን ሁላችንም ላይ አለ። ብዙ ሕፃን ይዞት ይወለድና የአፍንጫው አጥንት ከፍ እያለ ሲመጣ ቆዳው እየተወጠረ ይጠፋል። ለዛ ነው አንዳንድ ሕፃን ሸውራራ ሳይሆን ሸውራራ የሚመስለው፣ በአፍንጫ በኩል ያለው ነጩ የዓይን ክፍል ስለሚሸፈን። ፊት ለፊት ራቅ ብላችሁ ትንሽ ባትሪ አብሩና ነጸብራቁ ሁለቱም ብሌን ላይ እኩል ቦታ ካረፈ ዓይኖቹ ቀጥ ያሉ ናቸው፣ አንዱ ላይ ወደ ጎን ከሸሸ ግን ሳትቆዩ የዓይን ሐኪም አሳዩት።

ማታ አንባቢ፦
በጣም አመሰግናለሁ። ዳውን ሲንድሮም (ከመወለድ ጀምሮ ያለ የአእምሮና የአካል እድገት ችግር) ያለባቸው ልጆች ላይም ይታያል ሲባል ሰምቼ ነበር፣ ይገናኛል?

ሰናይት፦
አዎ እነሱ ላይም ይበዛል፣ ግን እጥፋቱ ብቻውን የምንም በሽታ ምልክት አይደለም። ሐኪም የሚጠረጥረው ሌሎች ምልክቶች አብረው ሲኖሩ ነው፣ የሚረጋገጠው ደሞ በክሮሞዞም (ሕዋስ ውስጥ ዘር የሚሸከመው ክፍል) ምርመራ ነው እንጂ በዓይን አይቶ አይደለም።