ሰሊጥ አጨዳና የልጄ ትምህርት ተጋጩብኝ፤ ምን ይሻላል?

የበለሳዋ፦ እኔና ባለቤቴ በየዓመቱ መተማ እንወርዳለን። ሳሉግ ነን፤ በእርሻ ወቅት የምንወርድ የቀን ሠራተኞች። ነሐሴን ለአረም፣ ከመስከረም መጨረሻ ወዲህ ለአጨዳ። አምና ልጃችንን ይዘን ወርደን ስንመለስ ኅዳር ገብቷል። ትምህርት ቤቱ «ምዝገባ አልፏል» ብሎ መለሰን፤ 3ኛ ክፍል ሳይገባ ዓመቱ ባከነ። አሁን 9 ዓመቱ ነው። የምተወው እናቴ ጋ ብቻ ነው፤ እሷም ዓይኗ ደክሟል። ሳንወርድ ምን ላድርግ?

መምህሩ፦ እህቴ፣ ምዝገባው ነሐሴ መጨረሻ ነው፤ ያኔ እናንተ አረም ላይ ናችሁ። እናትሽ ካርዱን ይዘው ሄደው ያስመዝግቡት። ስሙ መዝገብ ላይ ካለ ጥቂት ሳምንት የቀረን ልጅ እናካክሳለን። ከሌለ ግን ክፍሌ ባስቀምጠው እንኳ ሰኔ ላይ ካርድ አይወጣለትም። ርዕሰ መምህሩን በአካል አነጋግሪው። በስልክ የተባለ ይረሳል።

የሸኸዲው፦ እዚህ መተማም ትምህርት ቤት አለ እኮ። መሸኛ አውጥተው ለምን አያስገቡትም?

የድሮ ሳሉግ፦ ወንድሜ፣ ትምህርት ቤቱ ከተማ ነው፤ እርሻው የት ነው? እኔ በ12 ዓመቴ አባቴን ተከትዬ ወርጃለሁ፣ ደብተሬን ይዤ። ምን ጻፍኩበት? የነዶ ቁጥር። ከእኛ ካምፕ መጻፍ የምችለው እኔ ብቻ ስለነበርኩ የሰዉን ሁሉ ቆጠራ የምይዘው እኔ ነኝ። ጎበዝ ተባልኩ፣ ትምህርቱ እዚያው ቀረ። ወባውም የሚብሰው በአጨዳው ሰሞን ነው። ካላዛር የሚባል በሽታም አለ፤ ለደገኛ ይከፋል። ልጁን አታውርዱት።

የወንጂ ልጅ፦ እኛ ጋ ደግሞ ጣጣው ቋንቋ ነው። አገዳ ሊቆርጡ ከወላይታ የመጡ ጎረቤቶቻችን ልጃቸው 3ኛ ክፍል ነበር። እዚህ ትምህርቱ በአፋን ኦሮሞ ሆነበትና 1ኛ ክፍል ተቀመጠ። እናንተ ከዚህ እንኳ ተርፋችኋል።

የበለሳዋ፦ እሺ፣ ልጁ እናቴ ጋ ይቀራል። ማታ ማን ያስጠናዋል ግን?

መምህሩ፦ ከጎረቤት የ7ኛ ወይ የ8ኛ ክፍል ልጅ ፈልጊ። ስትመለሱ ደብተርና እስክሪብቶ ግዙለት፤ ደስ ብሎት ያስጠናዋል።

የበለሳዋ፦ ባለቤቴ «ለአጨዳው ብቻዬን ልውረድ፣ አንቺ ከአረም ተመለሽ» ብሏል። ገቢያችን ይጎድላል፣ ግን ይሁን። አንድ ነገር ብቻ፦ ካርዱን አይጥ በልቶታል፣ ግማሹ ነው ያለው።

መምህሩ፦ አይዞሽ፣ ውጤቱ ትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ አለ። የተረፈውን ግማሽ ይዘሽ ሂጂና ሌላ ይጻፍልኝ በይ። ከመውረድሽ በፊት ግን!