ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ፦ ነዳጅ የሚቆጥብልኝ በ80 መንዳት ነው ወይስ ቶሎ መድረስ?

የዝተት ነጋዴዋ (ደብረ ብርሃን)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከመንዝ ዝተትና በርኖስ እየተረከብኩ በየሳምንቱ ሽሮ ሜዳ ላሉ ነጋዴዎች አደርሳለሁ። መኪናዬ 1300 ሲሲ የቤንዚን ኮሮላ ናት፤ አሮጌ ብትሆንም በኢንጀክሽን የምትሠራ፣ ሞተሯ ጤነኛ ነው።

ጭቅጭቁ ከታላቅ ወንድሜ ጋር ነው። «ሞተር የሚጠጣው በሚሠራበት ሰዓት ልክ ነው፤ ቶሎ ድረሺና አጥፊው» ይለኛል። የእሱን ምክር ይዤ ብዙ ጊዜ ከጫጫ በኋላ ባለው ሜዳ በ100 እና በ105 ስነዳ ኖሬያለሁ። ባለፈው ወር ግን ልቤ አልረጋ ሲል በሂሳብ ደብተሬ ጀርባ መመዝገብ ጀመርኩ። ሁልጊዜ አንድ ማደያ፣ እዚያው መቅጃ ላይ ቆሜ፣ መቅጃው በራሱ ጠቅ ብሎ እስኪያቆም አስሞላለሁ። ቀጂው ሊጨምር ሲል እጁን እይዘዋለሁ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ልኩ እንዳይዛባብኝ።

ደርሶ መልሱ ከከተማው ዙረት ጋር 275 ኪሎ ሜትር ነው። በ105 የነዳሁባቸው ሁለት ጉዞዎች 22.9 እና 23.3 ሊትር ወሰዱ። ከ80 ሳላልፍ የነዳሁባቸው ሁለቱ ደግሞ 18.1 እና 18.4። በመሄጃው ያተረፍኩት ጊዜ ቢበዛ 20 ደቂቃ ነው፤ ሸኖ፣ አለልቱና ሰንዳፋ ላይ ያው ሁሉም ሰው ይንቀረፈፋል።

ወንድሜ «ያንቺ ደብተር ተሳስቷል» አለኝ። ተሳስቷል እንዴ? ሌላም የገረመኝ አለ፤ ባዶዬን ስመለስ የነዳጅ መርፌው ከመሄጃው ይልቅ ፈጥኖ የሚወርድ ይመስለኛል። ምክንያቱ ምንድን ነው?

የጣርማ በር አስተማሪ (ደብረ ሲና)፦

እህቴ፣ ደብተርሽ አልተሳሳተም። ፊዚክስ አስተማሪ ስለሆንኩ ሂሳቡን ላሳይሽ።

መኪና በሜዳ ላይ ስትሄድ ነዳጁ በዋናነት የሚታገለው ሁለት ነገር ነው። አንዱ የጎማው መንከባለል ነው፤ ይህ በፍጥነት ብዙም አይለወጥም። ሁለተኛው አየሩ መኪናዋን ወደ ኋላ የሚገፋበት ኃይል ነው፤ ይህ ከፍጥነቱ ጋር ሳይሆን ከፍጥነቱ ስኩዌር (ፍጥነቱ በራሱ ሲባዛ) ጋር ያድጋል። ከ80 ወደ 105 ስትሄጂ ፍጥነትሽ የጨመረው ሲሶ ያህል ነው፤ የአየሩ ግፊት ግን 100 የነበረው 172 ይሆናል። እያንዳንዷን ኪሎ ሜትር የምትሄጂው ይህን እየገፋሽ ነው።

ወንድምሽ ጨርሶ ተሳስቷል አልልም። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር፣ በሁለተኛ ማርሽ ብትሄጂ ሞተሩ ራሱን ለማንቀሳቀስ ብቻ የሚጠጣው ነዳጅ የሚከፋፈለው ለጥቂት ኪሎ ሜትር ነው፤ እዚያ ላይ «ቶሎ ድረሺ» ማለቱ ልክ ነው። ለአብዛኞቹ የቤት መኪናዎች ቁጠባው የሚገኘው በላይኛው ማርሽ፣ ከ50 እስከ 80 ባለው መካከል ነው። ከዚያ በላይ አየሩ ያሸንፋል። አሜሪካ ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ በኋላ፣ በ1974 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የአውራ ጎዳናዎቿን ፍጥነት በሰዓት 55 ማይል፣ ማለትም 88 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የወሰነችው ነዳጅ ለመቆጠብ ብላ ነበር።

የመልሱ ጉዞ ምክንያት ዳገቱ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ብርሃን 2,800 ገደማ ነው። ከ1,100 ኪሎ የማያንስ መኪና 450 ሜትር ከፍ ለማድረግ፣ ከነዳጁ ጉልበት ሩቡ ብቻ ለጎማው እንደሚደርስ ብናስብ፣ ከግማሽ ሊትር ትንሽ የሚበልጥ ቤንዚን ይፈልጋል። ከሸዋ ሮቢት ጣርማ በር ብትወጪ ደግሞ ለከፍታው ብቻ ከሁለት ሊትር በላይ ትከፍያለሽ።

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። ዝተቱን የምትጭኚው የት ነው? ፖርቶ መጋላ ላይ ከሆነ፣ በፈጣኖቹ ጉዞዎች ተጭኖ በዝግታዎቹ አልተጫነ እንደሆነ ልኬትሽ ሁለት ነገር ቀላቅሏል።

የደሴ መስመር (ሸዋ ሮቢት)፦

ልጄ፣ መምህሩ የተናገረውን እኔ በእግሬ ነው የማውቀው። ከአዲስ አበባ ደሴ 31 ዓመት ነድቻለሁ፤ መጀመሪያ በኤንትሬ፣ በኋላ በአይሱዙ።

የፍጥነት መለኪያውን ብቻ አትመልከቺ፤ እግርሽንም ተመልከቺ። ሁለት ሰው እኩል በ80 እየነዳ አንዱ ከሌላው ብዙ ነዳጅ ሊያቃጥል ይችላል። አንዱ ሸኖ መግቢያ ላይ የጭድ ጋሪውን ከሩቅ አይቶ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ያነሳል፤ መኪናው በራሱ እየቀነሰ ይደርሳል። ሌላው እስከ ጋሪው ጭራ ድረስ ይነዳና ፍሬን ይረግጣል፤ ከዚያ እንደገና በሁለተኛ ማርሽ ያስጮኸዋል። ፍሬኑን የረገጥሽበት ፍጥነት ሁሉ ገንዘብ የከፈልሽበት ነው።

ሌላው የማሳስብሽ ቁልቁለቱ ነው። ነዳጅ እቆጥባለሁ ብለሽ ከጣርማ በር ዋሻ ወደ ደብረ ሲና ስትወርጂ ዜሮ ማርሽ እንዳታደርጊ! በዚያ ቁልቁለት ፍሬናቸው ግሎ እምቢ ያላቸውን መኪናዎች በዓይኔ አይቻለሁ፤ ጭሱና የተቃጠለው የፍሬን ሸራ ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ። ደግሞም ቁጠባ አይደለም። እንዳንቺ ያለ የኢንጀክሽን ሞተር በማርሽ ላይ ሆኖ እግርሽን ስታነሺ ነዳጁን ራሱ ያቋርጣል፤ ጎማው ነው ሞተሩን የሚያዞረው። ዜሮ ላይ ግን እንዳይጠፋ መጠጣት አለበት። ሦስተኛ አስገቢና ሞተሩ ይያዝልሽ።

የጎማ ንፋስም ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ አስለኪ። የደብረ ብርሃን ውርጭ ንፋሱን ይቀንሰዋል፤ የላላ ጎማ ዳገት እንደ መውጣት ነው።

ባለ ሚኒባስ (ደብረ ብርሃን)፦

ሁላችሁም ትክክል ናችሁ፤ ግን ተራ ጠብቀን ለምንጭን ለእኛ ሂሳቡ ሌላ ነው። 20 ደቂቃ ቀድሜ ከደረስኩ ተራ እይዛለሁ፣ በቀን አንድ ምልልስ እጨምራለሁ። ያ ምልልስ ከአራት ሊትር ናፍታ ይበልጣል። ደግሞ እዚህ ደጋ ላይ አየሩ ቀጭን ስለሆነ ፍጥነት እንደ ቆላ አይጎዳም ሲሉ ሰምቻለሁ።

የጣርማ በር አስተማሪ (ደብረ ሲና)፦

አየሩ መቅጠኑ እውነት ነው። ደብረ ብርሃን ላይ የአየሩ ጥግግት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አራተኛ ገደማ ያንሳል፤ መኪናውን ወደ ኋላ የሚገፋበት ኃይልም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ግን ከ80 ወደ 105 ስትሄድ 100 የነበረው 172 መሆኑን አይቀይረውም። የተራውን ሂሳብ አንተ ታውቀዋለህ፣ አልከራከርህም። ወረፋ በሌለበት ቀን ግን ለማን ብለህ ትሮጣለህ?

የዝተት ነጋዴዋ (ደብረ ብርሃን)፦

ለሁላችሁም ምስጋናዬ የላቀ ነው። ጋሼ፣ የቁልቁለቱን ምክርዎን ለወንድሜም አንብቤለታለሁ።

መምህር፣ እንዳሉት ነው፤ ደብተሬን ሳገላብጥ አፈርኩ። በፈጣኖቹ ሁለት ጉዞዎች ስሄድ ፖርቶ መጋላው ላይ ሁለት ትልልቅ እስር ዝተት ነበር፣ በሸራ የተሸፈነ፣ ጫፉ እስከ ሰንዳፋ ድረስ ሲርገበገብ የነበረ። በዝግታዎቹ ጉዞዎች ጭነቱ ትንሽ ስለነበር የኋላ ወንበር ላይ ነው ያደረግኩት።

ስለዚህ ባለፈው ሐሙስ ለይቼ ልፈትን ብዬ ሁለቱን እስር ጣራ ላይ ጭኜ፣ ከ80 ሳላልፍ ሄጄ ተመለስኩ። 20.2 ሊትር። እንግዲህ የጣራው ጭነት ወደ ሁለት ሊትር፣ ፍጥነቱ ደግሞ ወደ ሦስት ሊትር ይወስድብኝ ነበር ማለት ነው። የሸራውን ጫፍም በገመድ አጥብቄ ስላሰርኩት ከሁለቱ ሊትር ላይ የቀነሰው ነገር ይኖር ይሆናል፤ ያን መለየት አልቻልኩም።

ወንድሜ ቁጥሩን አይቶ «የመቅጃው ስህተት ነው» አለ። በሚቀጥለው ሳምንት አብሮኝ ይሄዳል፤ እሱ ይነዳል፣ እኔ እመዘግባለሁ። ዝተቱን የኋላ ወንበሩን አጥፈን ውስጥ እናደርገዋለን። ባዶው ፖርቶ መጋላም አየር ይይዛል ብዬ ትናንት ልፈታው ሞከርኩ፤ ሦስቱ ብሎኖች ወጡ፣ አራተኛው ዝጎ እምቢ አለ። መካኒኩ ዓርብ ይመጣል። ከወረደ በኋላ ስንት ሊትር እንደወሰደ እዚሁ እጽፋለሁ።