የተከሰሰ ተጫዋች ሲኖር ቡድኑ ምን ያደርጋል? የረቂቅ 2 ውይይት

ጸሐፊ
የጅማ ሰፈር ቡድኖች ማኅበራችን የደንብ ረቂቅ ይኸው። ቅዳሜ ለሁሉም ቡድኖች ይነበባል፣ እስከ ሐሙስ ያላችሁን በሉ። ስፖንሰራችን ቡና ነጋዴው «ያምናው ነገር ከተደገመ እኔን አትቁጠሩኝ» ብሏል። የምን ነገር እንደሆነ አልደግመውም።
አንቀጽ 1፦ በወንጀል የተከሰሰ ተጫዋች ፍርድ እስኪያገኝ ከጨዋታ ይታገዳል።
አንቀጽ 2፦ እገዳው ቅጣት አይደለም። አበሉ አይቋረጥም።
አንቀጽ 3፦ አቤቱታ የደረሰው ኃላፊ በ3 ቀን ውስጥ ለኮሚቴው በጽሑፍ ያሳውቃል። የደበቀ ከቦታው ይነሳል።
አንቀጽ 4፦ የታገደ ተጫዋች ማሊያውን ይመልሳል።

የሄርማታው ተከላካይ
አንቀጽ 2ን የጻፈው ማነው? ቤቱ ለተጋደመ ሰው ከኔ መዋጮ አበል?

ጸሐፊ
እኔ ነኝ። የማንቸስተር ሲቲውን ተከላካይ ሜንዲን አስታውስ። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው። ነሐሴ 2021 ተከሰሰ፣ ክለቡ አገደው፣ ከመስከረም ጀምሮ ደመወዙንም ቆረጠ። በ2023 በሁለት ዙር ችሎት ከሁሉም ክስ ነፃ ወጣ። ከዚያ ክለቡን ከሰሰ። በ2024 የሥራ ክርክር ችሎቱ አብዛኛውን ይከፈለው አለ፤ ውሉ ላይ ደመወዝ ለማቆም የሚፈቅድ አንቀጽ አልነበረማ። በዋስትና ጥሰት የታሰረባቸው ወራት ብቻ ናቸው የተቀነሱት። እኛም አሁን ካልጻፍነው በኋላ እንጨቃጨቃለን።

ሂሳብ ያዥ
ልጄ፣ የሜንዲ የወር ደመወዝ ግማሽ ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። የኛ አበል ሻይና ፓስቲ ነው። እሱንም ከሁለት ወር በፊት ጨርሰናል።

የሕግ ተማሪው
የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 3 የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ላይ እያለ እንደ ጥፋተኛ አይቆጠርም ይላል። ስለዚህ «ቅጣት አይደለም» የሚለው ይቆይ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁንም አይቼ ዛሬ ማታ እልካለሁ።

የሴቶች ቡድን አምበል
አበሉን ተዉትና አንቀጽ 3 ላይ ኑ። ይህ ሁሉ ስብሰባ የተጠራው ለሱ ነው። የእንግሊዙን ክለብ የሰንደርላንዱን ተጫዋች አዳም ጆንሰንን ታውቃላችሁ። መጋቢት 2015 ታሰረ፣ የ15 ዓመት ልጅ ናት ከሳሿ። ክለቡ ሁለት ሳምንት አግዶ መለሰው። ግንቦት ላይ የክለቡ ሥራ አስኪያጇ ከልጅቷ ጋር የተጻጻፈውን አይታለች። እሱ ግን መጫወቱን ቀጠለ! የካቲት 2016 ሊቨርፑል ሜዳ አንፊልድ ላይ በቅጣት ምት አገባ፣ ከ4 ቀን በኋላ ችሎት ቆሞ ከክሶቹ ሁለቱን አመነ። ክለቡ ያባረረው በማግስቱ ነው። 6 ዓመት ተፈረደበት። ሥራ አስኪያጇም እንዲጫወት መደረጉ ከባድ ስህተት ነበር ብላ ለቀቀች። ያ ሁሉ ጊዜ ልጅቷ ምን ተባለች? ስታዲየም ሙሉ ሰው ሲያጨበጭብለት እየሰማች። እኛ ሰፈርም አምና ያወቀ ሰው ነበር። ማን እንደሆነ እዚህ አልጽፍም።

በረኛው
እሱስ ይሁን። ማሊያው ግን ለምን ይመለሳል? የኔን በራሴ ብር ነው የገዛሁት።

የአጂፕ ቁጥር 8
በራስህ ብር? ግማሹን ቡና ነጋዴው አይደል የሸፈነው?

በረኛው
ግማሹን! እሺ፣ ግማሹን ቆርጬ ልመልስ? የቱን? እጅጌውን?

የሄርማታው ተከላካይ
ኧረ ይመለስ! አምና የተከሰሰው ልጅ ችሎት የቀረበው በኛ ማሊያ ነው። የነጋዴው ስም ደረቱ ላይ፣ ፖሊስ ጎኑ፣ ፎቶው በየስልኩ። ነጋዴው የተቆጣው እኮ በዚህ ነው።

የሴቶች ቡድን አምበል
በፎቶው ነው የተቆጣው? በቃ፣ በፎቶው?

ሂሳብ ያዥ
ማሊያ ንብረት ነው። ካርኒ ያለው ያቅርብ።

የኮቺው አሰልጣኝ
እኔ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ማሊያው ሳይታጠብ ከተመለሰ ማን ያጥበዋል? ባለፈው ክረምት የተሰበሰበው ጭቃው ደርቆ እንደ ሰሌን ቆሞ ነው ያገኘነው። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ ሦስት ቀን አይደርቅም። እኔ ቤት ከተከመረ ባለቤቴ ከነማሊያው ነው የምታስወጣኝ።

የአጂፕ ቁጥር 8
አሰልጣኝ፣ ማጠቡን ተዉት። እርስዎ ያምናውን ስንት መለሱ? 14 ወስደው 11።

የኮቺው አሰልጣኝ
ሌባ ነው የምትለኝ? አንተን ታኬታ ያሰርኩልህ እኔ! ከዛሬ ጀምሮ ኮቺ በመዋጮው ውስጥ የለም። ኳሶቹንም ኑና ውሰዱ።

ሂሳብ ያዥ
ኧረ በፈጣሪ! አንተም ልጅ፣ ትልቅ ሰው እንዲህ አይባልም።

የአጂፕ ቁጥር 8
ሌባ አላልኩም፣ ቁጥር ነው የጠራሁት። ይቅርታ አሰልጣኝ። ሦስቱ ታዳጊዎቹ ጋ ናቸው አሉ።

የኮቺው አሰልጣኝ
እሺ። ኳሶቹ ግን ንፋስ የላቸውም፣ ፓምፑን ይዛችሁ ኑ።

የሴቶች ቡድን አምበል
የሕግ ተማሪው የት ገባ? ማታ እልካለሁ ካለ ሦስት ቀን ሆነው።

በረኛው
ፈተና ላይ ነው። እንዳትደውሉለት ብሏል።

ጸሐፊ
ነገ ሐሙስ ነው። ብዙ የተባለበትን አሻሽዬዋለሁ፣ ረቂቅ 3፦
አንቀጽ 1 እንዳለ። አንቀጽ 2፦ አበል «ካዝናው ሲፈቅድ»። አንቀጽ 3፦ ጥናት ስለሚፈልግ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይተላለፋል።
አንቀጽ 4፦ (ሀ) ማሊያ የማኅበሩ ንብረት ነው። (ለ) ግማሽ የከፈለ ሰው ግማሹ ይመለስለታል። (ሐ) ታጥቦ ይመለሳል። (መ) በማሊያ ችሎት መቅረብ ክልክል ነው። (ሠ) ጠፋ ከተባለ ምስክር ሁለት። (ረ) ታዳጊዎችንም ይጨምራል።

የሴቶች ቡድን አምበል
አንቀጽ 3ን ማን ነው ለሚቀጥለው ይተላለፍ ያለው? አንድም ሰው አልተቃወመውም እኮ!

ጸሐፊ
አልተቃወሙትም፣ ግን የደገፈውም ካንቺ በቀር የለም። እኔ ብቻዬን ምን ላድርግ።

የሴቶች ቡድን አምበል
እንግዲያው ቅዳሜ እኔው ቆሜ አነበዋለሁ። ቃለ ጉባኤ ላይ ባይገባም።

ሂሳብ ያዥ
ነጋዴው (መ)ን አንብቦ ደስ ብሎታል። ለአዲስ ማሊያ ዋጋ ጠይቁ አለ።

የሄርማታው ተከላካይ
ቀለሙ ግን አረንጓዴ አይሁን።

የአጂፕ ቁጥር 8
ለምን አይሆንም?

በረኛው
ቆይ ቆይ፣ የበረኛ ማሊያ በ(ሀ) ይካተታል? የኔ ቀለሙም ሌላ ነው፣ ስፖንሰርም የለበትም።