ከቬይል ፓስ (የተራራ መተላለፊያ) በፊት ፍሬኔን ምን ላድርገው?

ወገኖች፣ ኮሎራዶ ተራሮች ላይ ሞተርሆም (መኖሪያ ያለው መኪና) ወይም ከባድ መኪና የምትነዱ እባካችሁ እርዱኝ። ከአይዘንሃወር ዋሻ (3,400 ሜትር ገደማ) ወደ ሲልቨርቶርን ከተማ በሚወርደው የ7 በመቶ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ መቃጠል መቃጠል ሸተተ፤ ፔዳሉም ሰመጠ። መኪናው ቤንዚን፣ አውቶማቲክ፣ ከነጭነቱ 6 ቶን ገደማ ነው።

ቆሞ ሲቀዘቅዝ ፔዳሉ ጠነከረ። ስለዚህ እርጥበት የሳበ የፍሬን ዘይት ግሎ የፈላ ይመስለኛል፤ እንፋሎት ስለሚታመቅ ግፊቱ ጎማው ጋ አይደርስም። ዶት 4 በሚባለው የፍሬን ዘይት ማስቀየር ይበቃል ወይስ ሸራውና ዲስኩም ይፈታ?

ቬይል ፓስም ቁልቁለቱ ያው 7 በመቶ ነው። ገና ከአናቱ 2ኛ ማርሽ አስገብቼ፣ ፍጥነቱ ሲጨምር ብቻ ጠንከር አድርጌ ረግጬ ልልቀቅ? ሞተሩ 4,000 ዙር ላይ ቢጮህስ ይጎዳል? ልጆች ይዣለሁ፤ ሳይጣራ አልነሳም።